የይርዳው ቱንቢ

በአንድ ወቅት፣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ አያቶቻችን ጎረምሶች በነበሩበት ጊዜ፣ እዚህ አገር ይርዳው የሚባል ግንበኛ ነበር። እናንተ ግን መጀመሪያ ጭነታችሁን አውርዱ። ሽቅብ እያያችሁ ደመና አትቁጠሩ፤ ላይኛው አገር ዘንቧል፣ ይህ ውሃ ቶሎ አይጎድልም። የእኔም አሞሌ ጨው ከበቅሎዎቹ ጀርባ ወርዶ ቆዳ ለብሶ ተቀምጧል። ከዚህ በላይ የማደርግለት ነገር የለኝም። እዚህ ዳር ስንት ክረምት እንደተቀመጥሁ አትጠይቁኝ፤ ደክሞኛል፣ ተረቱም ደክሞታል፣ ግን ሌላ የምናደርገው ስለሌለ እነግራችኋለሁ።

እሜቴ አትጠገብ፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ። ለማታውቋቸው፣ እሜቴ አዋላጅ ናቸው። ማዶ ካለው መንደር ልጃቸው ምጥ ይዟታል ተብሎ ተጠርተው፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ውሃውን ያያሉ። ውሃ ደግሞ ስላዩት አይጎድልም።

አዎ፣ ይርዳው። በእርሱ ዘመን ድልድይ የተባለ ሁሉ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚቆም ነበር። ይህ ወንዝ ደግሞ እግር ይወዳል። ደጋግመው ሠሩበት፣ በየክረምቱ እግሩን እየነቀለ ወሰደው። ሰዉም «እህል ቢያንቅ በውሃ ይውጡታል፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡታል» እያለ ሙታኑን መቅበር ለመደ። ይርዳው ግን አገር ገዥው ደጃዝማች ዘንድ ቀረበና፣ «አንድም እግር ውሃ ውስጥ ሳላስገባ፣ ከዚህ ገደል ተነሥቶ እዚያኛው ገደል ላይ የሚያርፍ አንድ ቅስት እሠራለሁ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይርዳው ስቀው እስኪጨርሱ ጠብቆ ስልቻውን ፈታ።

ስልቻው ውስጥ ከለስላሳ ድንጋይ የተጠረቡ ጥቃቅን ድንጋዮች ነበሩ፤ ትልቁ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ወለሉ ላይ በጭቃ ጉብታ አበጀ፣ ድንጋዮቹን በጉብታው ላይ ደረደረ፣ የመጨረሻዋን መካከል ላይ ሰካ፣ ከዚያ ጭቃውን ከሥር በጣቱ ፈልቅቆ አወጣው። ትንሿ ድልድይ ያለ ኖራ፣ ያለ ምንም ቆመች። ደጃዝማቹ ዋንጫቸውን ጫኑባት፣ ቆመች። ጎራዴያቸውን ጨመሩባት፣ ቆመች። «ይሠራ!» አሉ፤ የሳቁትም ሰዎች ቀድሞውንም ያመኑ መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚያ ዘመን ግን አንድ ወግ ነበር። ቅስት ተገንብቶ ሲያልቅ፣ ከሥር የደገፈው እንጨት በሚነሣበት ዕለት ግንበኛው ከሥሩ ይቆማል። ብቻውን አይደለም፤ ከሥጋው አንዱን ይዞ ነው። ሰው በራሱ ነፍስ ሊቀልድ ይችላል፣ በልጁ ነፍስ ግን አይቀልድም ብለው ያወጡት ነው። ክፉ ወግ ነው አልላችሁም፤ ስንቱን አጭበርባሪ አባርሯል። ደጃዝማቹም «ከማን ጋር ትቆማለህ?» አሉት።

ይርዳው ሦስት ልጆች ነበሩት። ሁለቱ ወንዶች፣ ደርሰህና ቢያድግልኝ፣ ያን ጊዜ እናታቸው አገር ነበሩ። አጠገቡ የነበረችው የመጨረሻዋ፣ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለችው ስንዱ ናት። ይርዳው ስንዱን አያት። ድንጋዮቹን አያቸው። እንደገና ስንዱን አያት። ከዚያ ትንሿን ድልድይ አፍርሶ ወደ ስልቻው መለሳትና፣ «አልሠራም፣ ጌታዬ» ብሎ የልጁን እጅ ይዞ ወጣ።

አለቀ። ድልድዩ ሳይጀመር ቀረ። ይርዳው ከዚያ በኋላ የኖረው የቤተ ክርስቲያን አጥርና የመቃብር ግንብ እየሠራ ነው። ወንዙ ሰው በወሰደ ቁጥር ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ እሱ ሲገባ ወሬው ይቆማል። ግማሹ «ያላመነበትን ሊያስረግጠን ነበር» ይላል። ግማሹ «ያመነበትን ፈርቶ አስቀረብን» ይላል። የትኛው እንደሚከፋ እኔ አላውቅም።

አርጅቶ ሊሞት ሲል የነፍስ አባቱን መምሬ ላቀውን አስጠራ። ቱንቢውን ከትራሱ ሥር አወጣ፤ ያ በገመድ ጫፍ የሚንጠለጠል እርሳስ፣ ግንብ ቀጥ ማለቱንና መዝመሙን የሚናገረው። በዚህ አገር የዋና ግንበኛው ቱንቢ በእጁ ያለ ሰው ነው ይሠራ ወይም ይቅር የሚለው፤ ሌላው መዶሻ አያነሣም።

«ድልድዬ ይቆም እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ ከልጆቼ እውነቱን ለሚናገረው ይህን ይስጡልኝ» አለ።

መምሬ ላቀው ጎንበስ ብለው፣ «አንተስ አታውቀውም፣ ልጄ?» አሉት።

«አላውቅም፣ አባቴ። ይኸው ነው ያደከመኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሁን ልጆቹን ልንገራችሁ። አትቸኩሉ፤ የሚቸኩልበት የለም።

የመጀመሪያው ደርሰህ የአባቱን ሙያ የያዘ ግንበኛ ነው። ስልቻውን ወስዶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለካ። በአውራ ጣት የለካውን በክንድ እያሳደገ፣ ያንኑ ድልድይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ደረቅ ገደል ላይ ሊሠራው ተነሣ። የወንዙን ሲሶ የሚያህል ገደል ነው። ማሳው ጦም አደረ። በሬዎቹ ድንጋይ ሲጎትቱ ከሱ። ሚስቱ «አንተ ያገባኸው ድንጋይ ነው» ብላ ወላጆቿ ቤት ገባች። እሱ ጠረበ፣ ደረደረ፣ የመካከሏን ድንጋይ ሰካ። ሰው ሁሉ የእንጨቱን መነሣት ሊያይ ወጣ።

ደርሰህ ልጁን በእጁ ይዞ መጣ። ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የልጁን እጅ ለቀቀና ብቻውን ወርዶ ከቅስቱ ሥር ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ከላይ፣ «ሥጋህስ?» አሉት።

«እኔ አልበቃም?»

«አትበቃም። ብቻህን ከሆንህ እንጨቱ አይነሣም።»

ደርሰህ መሬት መሬቱን አየ። አባቱን ያስቆመው ያው ነገር እርሱንም ያዘው። ይህን ጊዜ ስንዱ፣ ባሏ የሞተባት፣ ጠጉሯን ሽበት የጀማመራት ስንዱ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገደሉን ወረደችና ከቅስቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«የእኔ ቦታ ነው» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ ክፍት ነው።»

«ውጪ፣ ስንዱ።»

«አንተ እንደሚቆም ታውቃለህ አይደል፣ ወንድምዓለም?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አላውቅም። በሉ አንሡት።»

እንጨቱ ተመታ። አንዱ ወጣ፣ ሌላው ወጣ። ቅስቱ አንዴ አቃሰተ፤ አቧራ ጠጉሯ ላይ ወረደ። ቆመ። እልልታው፣ ሆታው፣ ከብቱ በላዩ ሲነዳ፣ ደርሰህ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ሲያለቅስ፣ ይህን ሁሉ እናንተው ሙሉት፤ እኔ ከዚህ ቦታ ሁልጊዜ በቶሎ ማለፍ ነው የምወደው። ደርሰህ መምሬ ላቀው ዘንድ ሄዶ፣ «አባቴ፣ ይቆም ነበር። ቆሟል። ቱንቢውን ይስጡኝና የወንዙን ልጀምር» አለ።

ሁለተኛው ቢያድግልኝ ሙያው ውሃ ነው። በተነፋ የፍየል ቆዳ ሰው ያሻግራል፤ በዚህ ዳር ከእርሱ ሌላ በክረምት የሚደፍር አልነበረም። የወንድሙን ድልድይ አየ፣ በእግሩ ሄደበት፣ ከዚያ እንዲህ አለው፤ «እጅህ ይባረክ፣ ደርሰህ። ግን አንተ የሠራኸው ገደል ላይ ነው። አባታችን የጠየቀው ስለ ወንዙ ነው።»

በጋ ሲሆን ወገቡን በጠፍር አስሮ ማዶ ያለውን ገደል ወረደ፤ የአባቱ ቅስት ያርፍበት የነበረውን ቦታ። እዚያ እንደ ሸረሪት ተንጠልጥሎ አለቱን በመሮ ፈለፈለ። ጥልቀቱ አንድ ክንድ ያህል ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ መሮ የሚያደክም ድንጋይ። ከዚያ በኋላ መሮው ሊጥ የነካ ያህል ገባ። ቀይ አፈር ነው፣ ርጥብ። አላመነም። ወጥቶ ከአናቱ ባለው ስንጥቅ ጥላሸት የበጠበጠበትን ውሃ አፈሰሰ። ተመልሶ ወረደና ቀዳዳው ላይ ጠበቀ። ጥቁሩ ውሃ እየተንጠባጠበ መጣ፤ ተራራው ውስጡን በውሃ ተበልቷል። ሲወጣ ጠፍሩ በድንጋዩ ጠርዝ ተበልቶ ተበጠሰና ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ። ሁለተኛ አልዋኘም።

በቃሬዛ ተሸክመው መምሬ ላቀው ዘንድ አመጡት። «አባቴ፣ ድንጋዩ ቢቆም ተራራው አይቆምም» አለ። «አንድ ክረምት ይቆይ ይሆናል፤ ሁለትም። ከዚያ ከነሰዉ ይሄዳል። አባታችን አለመሥራቱ ደግ ሆነ። ቱንቢውን ይስጡኝና ይቅር ልበል፤ ሰዉም አባቴን መርገሙን ይተው።»

ደርሰህ ተቆጣ። «አባታችን ቢጀምረው ኖሮ መሠረት ሲቆፍር ያን አፈር አያገኘውም ነበር? አግኝቶስ ጠንካራው እስኪመጣ አይወርድም ነበር?»

«እስከየት ነው የሚወርደው? ተራራውን ሊገለብጠው?»

«ደግሞ በእርሱ ጊዜ ውሃው ገና አልሰረሰረው ይሆናል። አንተ ያየኸው የዛሬውን ነው።»

«አንተም የሠራኸው የዛሬውን ነው» አለ ቢያድግልኝ።

መምሬ ላቀው ሁለቱን ሰምተው ወደ ስንዱ ዞሩ። እሷ በሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። «አንቺስ፣ ልጄ? አንቺም የይርዳው ልጅ ነሽ።»

«እኔ ድንጋይ አልጠረብሁም፣ ገደል አልወረድሁም» አለች ስንዱ። «ግን ለእነርሱ ከሚሰጥ ለእኔ ይሰጥ። ደርሰህ አዎ ይላል፣ ቢያድግልኝ አይሆንም ይላል፤ ሁለቱም አባታችን ያላወቀውን አውቀናል ይላሉ። አባታችንን እኮ ያስቆመው ድንጋዩ አይደለም። ያስቆምሁት እኔ ነኝ። ባልወለድ፣ አጠገቡ ባልቆም ኖሮ ይሠራው ነበር። ቢወድቅ ወድቆ እናውቀው ነበር፣ ቢቆምም ቆሞ። ድልድዩ ይቆም ነበር ወይ ላላችሁት፣ እውነቱ ማንም አያውቅም ነው። እኔ ከሥሩ ስቀመጥ አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።»

«ቱንቢውን ብሰጥሽ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«መጀመሪያ ያን ወግ እሽራለሁ። ማንም ልጁን ይዞ ከሥር አይቆምም። ከዚያ ቢያድግልኝ ያገኘው አፈር ይቆፈር፣ ደርሰህ ይሥራው። የሚሻገረውም እንደማናውቅ አውቆ ይሻገር።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ በእሷ ላይ። ደርሰህ «ወጉ ከተሻረ መዶሻ የያዘ ሁሉ ግንበኛ ነኝ ይላል» አለ። ቢያድግልኝም ከቃሬዛው ላይ፣ «ውሃን ሰው ይፈራዋል፤ ፈርቶ ቀኑን ይጠብቃል፣ ያልቻለም ይቀራል። ድልድይን ግን ያምነዋል። ልጅ አዝላ የምትሻገር ሴት እንደማናውቅ ማን ይነግራታል፣ ስንዱ? አንቺ የራስሽን ነፍስ ነው የሰጠሽው» አለ። ስንዱም «ይህስ እውነት ነው» አለች።

መምሬ ላቀው ቱንቢውን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ። የሠራ፣ የመረመረ፣ የቆመች። ለአንዱ ሲያስቡ የሌላው ፊት ይታያቸዋል። «ነገ እፈርዳለሁ» አሉና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ ከአናቱ ካለው የወይራ አግዳሚ ላይ አንጠለጠሉት። ነገ ሰንበት ሆነ። ሰንበቱ ክረምት ሆነ። ቢያድግልኝ ዳሌው ስለተሰበረ አሻጋሪ አልነበረም፣ ወንዙም ያን ክረምት ሰው ጠገበ። ከየቀብሩ መልስ ሦስቱም በዚያ በር በኩል ያልፋሉ። ደርሰህ «ድልድይ ቢኖር» ይላል። ቢያድግልኝ ምርኩዙን ተደግፎ «ድልድይ ቢኖር ዛሬ የቀበርነው አንድ ሰው አይሆንም ነበር» ይላል። ስንዱ ቱንቢውን አይታ ታልፋለች። መምሬ ላቀው ከመቅደሱ ውስጥ ሆነው ይሰሟቸዋል፤ እንቅልፍ እንዳጡ ሞቱ። በመጨረሻ ተናገሩት የሚባለው «ደከመኝ ልጆቼ፤ ሌላ ሰው ይፍረድ» የሚል ነው።

ሌላ ሰው አልፈረደም። የይርዳው ልጆችም አለፉ። የደርሰህ ድልድይ ያው ደረቅ ገደሉ ላይ አለ፤ ፍየሎች ይሻገሩበታል። ማዶ ያለውም ገደል አልተናደም፤ ያውና ይታያችኋል፣ ከዚያ ከሾላው በታች። ዛሬ ይናዳል፣ ነገ ይናዳል ሲሉ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ቀድመውት ሄዱ። ቱንቢው በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ገመዱ ሲያልቅ ካህናቱ ይቀይሩታል እንጂ ማንም ደፍሮ አያወርደውም።

ይህን ተረት በዚህም ዳር በዚያም ዳር አውርቼዋለሁ። ግንበኞች ለደርሰህ ይፈርዳሉ፤ ሰው የሚዳኘው በሠራው ነው ይላሉ። ወታደሮች ስንዱ ይላሉ፣ ድፍረት ካዩ ሌላ አይታያቸውም። ውሃ ልጅ የወሰደባቸው እናቶች ለቢያድግልኝ የሚፈርዱ ይመስላችኋል፤ ግማሾቹ ይፈርዳሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ተነሥተው ይረግሙታል። አንድ ጊዜ አንድ ዳኛ እዚህ አብሮን ተቀምጦ፣ ቱንቢው ቀልጦ ለሦስት ይከፈል አለ። ጨዬ በዝናቡ እያለቀሰብኝ እንኳ ሳቅሁ።

ምን አሉ፣ እሜቴ? «ለማንም ይስጡትና ይሠራ»? እውነትዎን ነው፣ ልብዎ እዚያ ማዶ ነው። ግን ለማንም ማለት አይሆንም፣ እናቴ። ለቢያድግልኝ ከሰጡት ድልድይ የለም፤ እርስዎ እዚሁ እንደቆሙ ነዎት፣ ልጅዎ እዚያ። ለደርሰህ ከሰጡት፣ ዛሬ ከዚያ አፈር በላይ እየሄዱ ነው፤ ግን ድልድዩ ሳይከፈት የአንዲት ልጅ እጅ ተይዞ ከሥሩ መቆም ነበረበት፣ የማን ልጅ እንደሆነች ይንገሩኝ። ለስንዱ ከሰጡት ማንም ከሥር አይቆምም፤ እርስዎ ግን መካከሉ ላይ ሲደርሱ፣ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ እያወቁ ነው የሚራመዱት።

ማዶ አንድ ሰው ወጥቶ ነጠላ እያውለበለበ ይጣራል። የውሃው ጩኸት ነው የበለጠን፤ ይምጡ ይሁን፣ ይቅሩ ይሁን፣ አይለይም። ውሃው እስኪጎድል ጊዜ አለን። እንግዲህ የይርዳውን ልጆች አይታችኋል፤ ፍረዱ። ለእኔ አይደለም፣ እኔ ደክሞኛል፤ ለእሜቴ አትጠገብ ንገሯቸው። ያ ቱንቢ ለማን ነበር የሚገባው?